ስፒነርቤትን በዝግታ መሳብ፦ የባስ ዓሣ አጠማመድ ዘዴ

ስፒነርቤት የተባለውን፣ የሚሽከረከር የብረት ላሜራ ያለውን ሰው ሠራሽ ማጥመጃ በዝግታ መሳብ በሰሜን አሜሪካ ሐይቆችና ወንዞች አፈ ሰፊውን ባስ ለማጥመድ ከሚያገለግሉት ዘዴዎች አንዱ ነው። አጥማጁ ማጥመጃውን ወርውሮ እስከ ውኃው ወለል እንዲሰጥም ይተወዋል፤ ከዚያም ላሜራው መዞሩን እንዳያቆም ያህል ብቻ እየጠቀለለ፣ ከጉቶና ከድንጋይ ጋር እያነካካ ይስበዋል። ሲነገር ቀላል ይመስላል፤ በተግባር ግን ትዕግሥትና የእጅ ስሜት ከሚጠይቁ ዘዴዎች ግንባር ቀደሙ ነው።

ስፒነርቤት ተከፍቶ የተተወ መርፌ ቁልፍ የሚመስል የታጠፈ ሽቦ አለው። በታችኛው ክንድ ላይ የእርሳስ ራስ፣ መንጠቆና መንጠቆውን የሚሸፍን የሲሊኮን ዘርፍ ይገኛሉ። በላይኛው ክንድ ላይ በውኃ ግፊት የሚሽከረከሩ አንድ ወይም ሁለት የብረት ላሜራዎች ይንጠለጠላሉ። መንጠቆው ወደ ላይ የዞረ ስለሆነና ሽቦው ከፊቱ ስለሚቀድም፣ ሌላው ማጥመጃ ተይዞ በሚቀርበት የወደቀ ዛፍ መካከል ስፒነርቤት አብዛኛውን ጊዜ ሾልኮ ይወጣል።

የብረት ማጥመጃ ታሪክ ሲነሣ የቨርሞንቱ ጁሊዮ ቢውል ስም ይቀድማል። በ1852 (ዓመታቱ ሁሉ እንደ ጎርጎርዮሳውያን አቆጣጠር ናቸው) በማንኪያ መሰል ማጥመጃው የፈጠራ ባለቤትነት መብት አግኝቷል። ሐሳቡ የመጣለት ማንኪያው ከጀልባ ወድቆ ዓሣ ሲከተለው አይቶ ነው ይባላል፤ ታሪኩ ከአፍ ወደ አፍ የተላለፈ በመሆኑ እንደ አፈ ታሪክ ማየት ይሻላል። የዛሬው ስፒነርቤት የቅርብ አባት ግን በ20ኛው ክፍለ ዘመን መጀመሪያ የቺካጎው ጄሚሰን ኩባንያ ያመረተው ሻነን ባለ ሁለት ላሜራ ማጥመጃ ነው። ከዚያ በኋላ ያሉት አሥርተ ዓመታት የቅርጽ ማሻሻያ ዘመን ነበሩ።

የውድድር ዘመን የመጣው በ1967 ሬይ ስኮት በአርካንሳስ ቢቨር ሐይቅ ባዘጋጀው ውድድር ነው። በ1971 ባስማስተር ክላሲክ የተባለው የባስ አጥማጆች ሻምፒዮና ለመጀመሪያ ጊዜ በሚድ ሐይቅ ተካሄደ። ተወዳዳሪዎቹ 24 ሲሆኑ፣ ወዴት እንደሚሄዱ ያወቁት አውሮፕላን ውስጥ ከገቡ በኋላ ነበር። ያሸነፈው ቦቢ መሪ ያጠመደው በስፒነርቤት ነው፤ ማጥመጃው በመላ አገሪቱ እንዲታወቅ ይህ ድል ትልቅ ድርሻ አለው። ኋላ ላይ ይኸንኑ ዋንጫ አራት ጊዜ ያነሣው ኬቨን ቫንዳም ስፒነርቤትን በከፍተኛ ፍጥነት በመሳብ ስም አተረፈ። ዝናው የሚገባው ነው፤ ሆኖም ከእርሱ በኋላ ብዙ ወጣት አጥማጆች ዝግታን የቸልተኛ ሥራ አድርገው መቁጠራቸው ያሳዝናል።

ዘዴው ከሁሉ በላይ የሚያስፈልገው ውኃው ሲቀዘቅዝ ነው። የባስ የሰውነት ሙቀት ከውኃው ጋር ይወርዳል፤ ውኃው ወደ 10 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ሲጠጋ ዓሣው ጥልቅ ቦታ ይዞ ምግብ ለማሳደድ ጉልበቱን አያባክንም። ስለዚህ ማጥመጃው አፍንጫው ሥር ማለፍ አለበት። ለዚህ ከ14 እስከ 28 ግራም የሚመዝን ስፒነርቤት ይመረጣል። ክብደቱ ካነሰ ማጥመጃው በጥቂት ዙር ወደ ላይ ይንሳፈፋል።

የላሜራው ቅርጽ ወሳኝ ነው። ክብ የሆነው የኮሎራዶ ላሜራ ውኃውን በኃይል ይገፋል፣ ንዝረቱ ለደፈረሰ ውኃና ለጨለማ ይስማማል፤ ነገር ግን ማጥመጃውን ወደ ላይ ያነሣዋል። ቀጭንና ረጅም የሆነው የዊሎው ላሜራ ማንሣቱ አነስተኛ በመሆኑ ጥልቀት ይጠብቃል፣ ብልጭታውም ለጠራ ውኃ ይመቻል። ኢንዲያና የሚባለው በሁለቱ መካከል ነው። ስለ ዘርፉ ቀለም አጥማጆች እስከ ዛሬ አልተስማሙም፤ ነጭ ይሁን ቢጫ አረንጓዴ፣ ከፍጥነቱና ከጥልቀቱ በኋላ የሚመጣ ጉዳይ ነው።

ሁለት ሜትር ገደማ የሚረዝም ጠንካራ ዘንግ፣ መያዣው አንድ ጊዜ ሲዞር አምስት ጊዜ ያህል የሚጠቀልል ዘገምተኛ መጠቅለያና የሚሰጥም የፍሎሮካርቦን ክር ተመራጭ ናቸው። ፈጣን መጠቅለያ የያዘ ሰው ሳያውቀው ይፈጥናል። ማጥመጃው ወለል ሲነካ የተወጠረው ክር ይላላል፤ መጠቅለል የሚጀመረው ያን ጊዜ ነው። የላሜራው ምት በዘንጉ በኩል እስከ መዳፍ ይሰማል። ጉቶ ሲነካ ምቱ ለቅጽበት ይሰናከላል፤ ጉቶውን ተሻግሮ ሲወርድ መጠቅለሉን አቁሞ፣ ላሜራው እየተሽከረከረ እንዲሰጥም መተው ብዙ ጊዜ ዓሣ ያስገኛል። ባስ ከኋላ መጥቶ ሲጎርስ ሁልጊዜ ጠንካራ ጉተታ አይሰማም፤ ምቱ ድንገት ይጠፋል፣ ወይም ክሩ ይላላል። ያኔ ሳይዘገዩ ዘንጉን መንጠቅ ያስፈልጋል።

ብዙ ኢትዮጵያውያን በሚኖሩበት በዋሽንግተን ዙሪያ የሚፈሰው የፖቶማክ ወንዝ ለዚህ ዘዴ የታደለ ውኃ ነው። በ1972 ከወጣው የንጹሕ ውኃ ሕግ በኋላ ወደ ወንዙ የሚለቀቀው ፍሳሽ ይበልጥ መጣራት ጀመረ፤ በ1980ዎቹ መጀመሪያም ሃይድሪላ የተባለው መጤ ሣር ተገኘ። ሣሩ ለጀልባ ቢያስቸግርም ለባስ መጠለያ ሆነ። በአሌክሳንድሪያ በኩል ወንዙ ከባሕሩ ጋር ከፍና ዝቅ ይላል፤ ውኃው ሲሸሽ ዓሣው ወደ ሣሩ ጠርዝ ስለሚወጣ፣ ስፒነርቤትን በጠርዙ አጠገብ ቀስ ብሎ መሳብ ያዋጣል። ከ2004 ወዲህ በወንዙ የተገኘው ስኔክሄድ የተባለ የእስያ ዓሣም ይህንኑ ማጥመጃ ይጎርሳል። ባስን ያጠፋል የሚለው ስጋት ብዙ አነጋግሯል፤ ባስም ራሱ ወደ ፖቶማክ የገባው በሰው እጅ ነው። ስኔክሄድን በሕይወት እንዳለ ማጓጓዝ በሕግ የተከለከለ ሲሆን፣ በሜሪላንድም ሆነ በቨርጂንያ ዕድሜው 16 ዓመት የሞላው አጥማጅ በመደበኛነት ፈቃድ ማውጣት ይጠበቅበታል።