የጨጓራ መውጫ መጥበብ እና ሕክምናው በአዲስ አበባ ዳርቻ

ከቃሊቲ እስከ ቱሉ ዲምቱ፣ ከጀሞ እስከ ኮዬ ፈጬ፣ «ጨጓራ አለብኝ» የሚል ሰው የሌለበት ቤት ማግኘት ይቸግራል። ቃሉ ቃርን፣ ቁስለትንና የሆድ መነፋትን አንድ ላይ ስለሚጠቀልል፣ የጨጓራ መውጫ ቀስ በቀስ ሲጠብ በሽተኛው ሌላ ነገር እንደመጣበት ሳያውቅ ወራት ያልፋሉ።

መውጫው፣ ሐኪሞች ፓይሎረስ የሚሉት፣ ጨጓራን ከትንሹ አንጀት የሚለይ የጡንቻ በር ነው። የቆየ ቁስለት ጠባሳ፣ የጨጓራ ወይም የቆሽት ካንሰር፣ በስህተት ወይም ሆን ተብሎ የተጠጣ የባትሪ አሲድ ያጠበዋል። ከቁስለቱ ጀርባ በአብዛኛው ሄሊኮባክተር ፓይሎሪ የተባለው ባክቴሪያ ወይም እንደ ዳይክሎፌናክ ያለ ማስታገሻ አለ። በርበሬ ያለ ጥፋቱ ይከሰሳል።

ዋናው ምልክት ትውከት ነው፤ ትውከቱ ግን የራሱ ጠባይ አለው። ማታ የተበላው እንጀራ ጠዋት ሳይፈጭ ይወጣል፤ ጥቂት ቀምሰው ሆድ ይሞላል፤ ልብስ ይሰፋል። ሰው «ሐሞቴ እስኪወጣ አስመለሰኝ» ማለት ለምዷል። እዚህ ግን አብዛኛውን ጊዜ ሐሞት አይታይም፤ ወደ አንጀት የሚፈስሰው ከጠበበው በር በታች ነውና። በሽተኛው ከበላ ከአራት ሰዓት በኋላ ሐኪሙ ማዳመጫውን ሆዱ ላይ አሳርፎ ወገቡን ይዞ ሲነቀንቀው፣ በግማሽ የተሞላ ጀሪካን ዓይነት ድምፅ ይሰማል። ለዚህ ምርመራ መብራትም ማሽንም አያስፈልግም፤ በጤና ጣቢያ አልጋ ላይ ይሠራል። ችላ መባሉ ያሳዝናል።

ከጤና ጣቢያ ሪፈር የተጻፈለት የአቃቂ ነዋሪ ወደ ጥሩነሽ ቤጂንግ ሆስፒታል፣ የዘነበወርቅ አካባቢው ሰው ደግሞ ወደ አለርት ሊሄድ ይችላል። ረቀቅ ያለ የኢንዶስኮፒ (ካሜራ ያለው ቀጭን ቱቦ በአፍ አስገብቶ የሚሠራ) ሕክምና ሲያስፈልግ ጉዞው ብዙውን ጊዜ ወደ ጥቁር አንበሳ ወይም ወደ ጳውሎስ ይሆናል። የትም ቢደርስ ግን ቢላም ሆነ በሩን የሚያሰፋው በአየር ወይም በፈሳሽ የሚነፋ ፊኛ የመጀመሪያው ሥራ አይደለም። ለሳምንታት ያስመለሰ ሰው ከውሃው ጋር አሲድ፣ ክሎራይድና ፖታሲየም አጥቷል፤ ይህ ሳይስተካከል ማደንዘዣ መስጠት ልብን ለአደጋ ያጋልጣል። ስለዚህ በአፍንጫ ቱቦ ገብቶ ጨጓራው ይታጠባል፣ ጨዋማ ፈሳሽና ፖታሲየም በደም ሥር ይሰጣል፣ አሲድ የሚቀንስ መድኃኒት ይጀመራል። ቀናት ይወስዳል። ቤተሰብ «ለምን ቶሎ አይሠሩለትም?» እያለ የሚጨነቀው በዚሁ ጊዜ ነው። እብጠት ብቻ ከነበረ አንዳንዱ በር በዚህ ብቻ ይከፈታል።

ከዚያ ኢንዶስኮፒ መንስኤውን ያሳያል፤ ካንሰር ከተጠረጠረ ናሙና ይወሰዳል። ለጠባሳ በኢንዶስኮፒ ውስጥ ፊኛ አልፎ በበሩ ላይ ይነፋል፤ በተለያዩ ቀጠሮዎች ደረጃ በደረጃ እየሰፋ አብዛኛውን ጊዜ እስከ 15 ሚሊሜትር ይደርሳል። ባክቴሪያው ካልጠፋ ጥበቱ ሊመለስ ይችላል፤ ፊኛው ጨጓራን የመቅደድ አደጋም አለው። ዕድሜው በጥቂት ወራት ለሚቆጠር የካንሰር በሽተኛ ራሱን የሚዘረጋ የብረት ቱቦ፣ ስቴንት፣ ምግብ ቶሎ እንዲያልፍለት ያደርጋል። ብዙ ወራት ለሚኖር ግን ቀዶ ጥገና የተሻለ ዘላቂነት አለው።

ቀዶ ጥገናው አዲስ አይደለም። ቀዶ ሐኪሙ ቢልሮት በቪየና በካንሰር የታመመ የጨጓራ መውጫን በተሳካ ሁኔታ ቆርጦ ያወጣው እ.ኤ.አ. በ1881 ነው፤ በዚያው ዓመት ረዳቱ ቮልፍለር የታመመውን በር ትቶ ጨጓራን በቀጥታ ከትንሹ አንጀት ጋር ሰፋ። ይህ ማገናኛ መንገድ ዛሬም ይሠራበታል፤ ለቁስለት ሲሆን አሲድ እንዲመነጭ የሚያዘው ቫገስ ነርቭ አብሮ ይቆረጣል። የበሩ ጡንቻ ወፍሮ መውጫው የሚጠብባቸው ጨቅላዎች ጉዳይ ይለያል፦ ከሦስት እስከ ስድስት ሳምንት ዕድሜ ያለው ሕፃን፣ በአብዛኛው ወንድ፣ ጠብቶ እንደጨረሰ ወተቱን በኃይል ይረጫል። በቀዶ ጥገና የወፈረው ጡንቻ ይሰነጠቃል፣ የውስጡ ሽፋን ሳይነካ ይቀራል።

በአዋቂዎች ላይ ከሚሠራው ቀዶ ጥገና በኋላ ምግብ ወደ አንጀት በፍጥነት ሊወርድ ይችላል፤ በተለይ ከጣፋጭ በኋላ ላብ፣ የልብ መምታትና ማዞር ይመጣል። መፍትሔው ጥቂት ጥቂት እያሉ ደጋግሞ መብላት፣ ለስላሳ መጠጥን መተው፣ ፈሳሽን ከምግብ ለይቶ መጠጣት ነው። በትልቅ ገበታ ዙሪያ «በሞቴ!» ተብሎ የሚቀርብን ጉርሻ እምቢ ማለት ግን ለብዙዎች ከመድኃኒቱ ሁሉ የከበደ ትእዛዝ ነው፤ ጎራሹ ሳይሆን አጉራሹ አስቀድሞ ቢነገረው ይቀላል።