«ፓዲ ኦን ዘ ሮድ»፦ የክሪስቲ ሙር የበኩር አልበም

«ፓዲ ኦን ዘ ሮድ» አየርላንዳዊው የባህል ዘፋኝ ክሪስቲ ሙር እ.ኤ.አ. በ1969 እንግሊዝ አገር ሳለ ያወጣው የመጀመሪያ አልበሙ ነው። የታተመው 500 ሸክላ ብቻ በመሆኑ ዛሬ ሰብሳቢዎች አጥብቀው የሚፈልጉት ብርቅ ሥራ ሆኗል። «ፓዲ» እንግሊዞች ለአየርላንድ ሰው ያወጡት ቅጽል ስም ሲሆን፣ ርዕሱ «መንገደኛው ፓዲ» እንደማለት ነው።

ስሙ ለዘፋኙ በልኩ የተሰፋ ነበር። በ1945 በአየርላንዱ ኪልዴር አውራጃ በኒውብሪጅ ከተማ የተወለደው ሙር የባንክ ጸሐፊ ነበር። በ1966 የባንክ ሠራተኞች ሥራ ሲያቆሙ ባሕር ተሻግሮ እንግሊዝ ገባ፤ አድማው ሲያበቃም ወደ ባንኩ አልተመለሰም። የጉልበት ሥራ እየሠራ፣ በየከተማው የባህል ዘፈን ክበቦች ጊታሩን ይዞ እየዘፈነ ስም አወጣ።

የአልበሙ ፕሮዲዩሰር የደብሊኑ የዘፈን ደራሲ ዶሚኒክ ቢሃን ነበር። ሙርን ያጀቡት ግን ለቀረጻው የተቀጠሩ የስቱዲዮ ሙዚቀኞች ናቸው። ይህ አላረካውም። የባህል ዘፈን አጃቢው ዜማውን አብሮ ካልኖረው፣ ቅንብሩ የቱንም ያህል ቢያምር ድምፁና መሣሪያው ተለያይተው ይሰማሉ። ለእኔ የበኩር አልበሙ ትልቁ ፋይዳ ይህን ለዘፋኙ ማሳየቱ ነው።

በ1971 ሙር የሚያውቃቸውን ሰዎች ሰብስቦ እዚያው ኪልዴር፣ ፕሮስፐረስ በምትባል መንደር፣ በአንድ አሮጌ ቤት ምድር ቤት ሁለተኛውን አልበም ቀዳ። ቀረጻውን የመራው ቢል ሊደር ነው። የልጅነት ጓደኛው ዶናል ለኒ ጊታርና ቡዙኪ የተባለውን አንገተ ረጅም የክር መሣሪያ፣ አንዲ አርቫይን ማንዶሊን፣ ኬቨን ኮኔፍ ቦድራን የተባለውን የፍየል ቆዳ ከበሮ ተጫወቱ።

ሊያም ኦፍሊን ደግሞ ኢለን ፓይፕስ የተባለውን የአየርላንድ ባለ ከረጢት ዋሽንት ያዘ። ይህ መሣሪያ በአፍ አይነፋም። ተጫዋቹ ተቀምጦ ክንዱ ሥር ያለውን ወናፍ በክርኑ ይጨምቃል፤ አየሩ በሌላኛው ብብቱ ወደያዘው ከረጢት ይገባል፤ ጣቶቹም ዜማውን ያወጣሉ። ስሙም በአየርላንድኛ ክርን ከሚለው ቃል የመጣ ነው።

አልበሙ የሚከፈተው ቤቷንና ባሏን ትታ ጂፕሲ የሚባሉትን ዘላኖች በተከተለች እመቤት ዘፈን ነው። ሙር ዘፈኑን ያገኘው ከጆን ራይሊ ነው፤ ራይሊ ከቦታ ቦታ እየተዘዋወሩ ከሚኖሩት «ትራቭለር» ከሚባሉት የአየርላንድ ሕዝብ ወገን ነበር። የመጨረሻው ስንኝ እንዳለቀ መሣሪያዎቹ ሳያቋርጡ «እጅህን ስጠኝ» ወደሚባል ጥንታዊ የአየርላንድ በገና (ሃርፕ) ዜማ ይሻገራሉ፤ ደራሲው ዓይነ ስውሩ በገና ደርዳሪ ሩሪ ዳል ኦ ካሃን እንደሆነ ይነገራል። ያቺ መሻገሪያ ስትሰማ ከበኩር አልበሙ የጎደለው ምን እንደነበር ወዲያው ይገባል።

በመንደሩ ስም የተጠራው አልበም በ1972 ወጣ። ሙር፣ ለኒ፣ አርቫይንና ኦፍሊን «ፕላንክስቲ» የተባለውን ባንድ መሠረቱ፤ በ1973 ያወጡትን የመጀመሪያ አልበማቸውንም በዚያው በራይሊ ዘፈንና በበገናው ዜማ ከፈቱት። ራይሊ ግን «ፓዲ ኦን ዘ ሮድ» በወጣበት በ1969 አርፎ ነበር።