ቪየና፦ የቤት ኪራይን የገታች ከተማ

የኦስትሪያ መዲና ቪየና ሁለት ሚሊዮን ያህል ሕዝብ ይኖርባታል። ከነዋሪዎቿ ግማሽ ያህሉ ከተማዋ ራሷ በምታከራያቸው ወይም በመንግሥት ድጎማ በተሠሩ ቤቶች ውስጥ ናቸው። ለኑሮ የተመቹ የዓለም ከተሞች በተቆጠሩ ቁጥር ስሟ ከፊት ይነሣል፤ አድናቂዎቿም ቤተ መንግሥቶቿንና የሙዚቃ አዳራሾቿን ያወሳሉ። የምቾቷ ዋና ምንጭ ግን ኪራይዋ ነው። መምህሩም የጽዳት ሠራተኛዋም ቤት የሚያገኙባት ካልሆነች የከተማ ውበት የጥቂቶች ጌጥ ሆኖ ይቀራል።

ነገሩ የተጀመረው ከአንደኛው የዓለም ጦርነት ማግስት ነው (ዓመታቱ በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው)። ያን ጊዜ የሠራተኛው ኑሮ እጅግ የከፋ ነበር። ክፍል ለመከራየት አቅም ያነሰው ሰው አልጋ ብቻ፣ ለዚያውም ለተወሰኑ ሰዓታት፣ ይከራይ ነበር። በ1919 የከተማውን ምርጫ ያሸነፉት ሶሻል ዴሞክራቶች በ1923 የቤት ግንባታ ግብር ጣሉ። የፋይናንስ ኃላፊው ሁጎ ብራይትነር የነደፉት ይህ ግብር ቤቱ በተንደላቀቀ መጠን እየከበደ የሚሄድ ነበር። እስከ 1934 ድረስ ከ60 ሺህ በላይ ቤቶች ተሠሩ። ከተማዋ በግብሩ ገንዘብ እንዳስገነባቻቸው በሕንፃዎቹ ግድግዳ ላይ በትልልቅ ፊደላት ተጽፏል፤ ከፋዩ ገንዘቡ የት እንደዋለ በመንገዱ ሲያልፍ ያነባል። ግብር በዚህ መልክ ሲመለስ ማየት የሚያኮራ ነው።

ከእነዚህ ሁሉ ስሙ የገነነው በ1930 የተመረቀው ካርል ማርክስ ሆፍ ነው። ከአንድ ኪሎ ሜትር በላይ የሚረዝመው ይህ ሕንፃ ሲሠራ 1,382 ቤቶች ነበሩት። አርክቴክቱ ካርል ኤን በግንባታ የሸፈኑት የቦታውን አንድ አምስተኛ እንኳ አይሞላም፤ የተረፈው ሰፊ ግቢና የአትክልት ቦታ ሆነ። የጋራ የልብስ ማጠቢያ፣ የገላ መታጠቢያ፣ መዋዕለ ሕፃናት፣ ቤተ መጻሕፍትና ክሊኒክ አብረው ተሠሩ። በየካቲት 1934 በተነሣው የእርስ በርስ ግጭት ሠራዊቱ ሕንፃውን በመድፍ ደበደበው። ታድሶ ዛሬም ሰው ይኖርበታል።

መሥራቱ የታሪኩ ግማሽ ነው። ሌላው ግማሽ አለመሸጥ ነው። የጀርመኗ ድሬስደን በ2006 ወደ 48 ሺህ የሚጠጉ ቤቶቿን በሙሉ ለአንድ የኢንቨስትመንት ድርጅት ስትሸጥ፣ ቪየና የራሷን ይዛ ቆየች፤ ዛሬ 220 ሺህ ያህል ቤቶች አሏት። በ1984 የተቋቋመው የከተማዋ ፈንድ ደግሞ መሬት አስቀድሞ እየገዛ ያከማቻል። ከ1995 ጀምሮ ገንቢዎች ለዚህ መሬት ይወዳደራሉ፤ የሚመዘኑትም በዋጋ፣ በንድፍ፣ በአካባቢ ጥበቃ እና፣ ከ2009 ወዲህ፣ በማኅበራዊ ፋይዳ ነው። በእነዚህ ቤቶች ለመኖር የተወሰነው የገቢ ጣሪያ ከፍ ያለ በመሆኑ መካከለኛ ገቢ ያለውም ቤተሰብ ይኖርባቸዋል። በእኔ እምነት ጥበቡ እዚህ ላይ ነው፤ ድሆች ብቻ ለብቻቸው የሚታጎሩበት ሰፈር እንዳይፈጠር ያደረገው ይህ ነው።

ከ1990ዎቹ ወዲህ ከተማዋ ሌላ ጥያቄ ጠየቀች፦ መንገዱና መናፈሻው የተሠራው ለማን ነው? በ1992 የተቋቋመውን የሴቶች ጽሕፈት ቤት በመጀመሪያ የመሩት የከተማ ፕላን ባለሙያዋ ኤቫ ካይል ነበሩ። በ1997 የተጠናቀቀው ፍራውን ቬርክ ሽታት የተባለው መንደር በሴት አርክቴክቶች የተነደፈ ሲሆን 357 ቤቶች አሉት። ደረጃዎቹ የቀን ብርሃን ያገኛሉ፤ የሕፃናት ጋሪ ማስቀመጫም ተዘጋጅቷል፤ መዋዕለ ሕፃናቱም እዚያው ነው። በመናፈሻዎች የተደረገ ጥናት ደግሞ ልጃገረዶች ዘጠኝ ዓመት ካለፋቸው በኋላ ከመጫወቻው እንደሚጠፉ አሳየ። ሜዳውን ወንዶቹ ለእግር ኳስ ይይዙታል። በ1999 በማርጋሬተን ወረዳ ሁለት መናፈሻዎች እንደገና ሲሠሩ አንዱ ትልቅ ሜዳ በትናንሽ ክፍሎች ተከፈለ፤ የመረብ ኳስ ቦታና መቀመጫ ተጨመረ። ልጃገረዶቹም ተመለሱ።

በትራንስፖርት በኩል በ2012 የዓመቱ ትኬት ወደ 365 ዩሮ ዝቅ አለ፤ ለቀን አንድ ዩሮ ማለት ነው። ይህ ዋጋ እስከ 2025 መጨረሻ ድረስ ከአሥር ዓመት በላይ ጸንቶ ቆየ። በቀድሞ አየር ማረፊያ ላይ በተቆረቆረችው ዜሽታት አስፐርን በተባለች አዲስ ሰፈር ደግሞ የምድር ባቡሩ የደረሰው በ2013 ነው፤ የመጀመሪያዎቹ ነዋሪዎች የገቡት በ2014 ነበር። ባቡር ከሰው መቅደሙ በብዙ ከተሞች የማይታይ ነገር ነው።

የዚህ ሁሉ በር ግን ለሁሉም እኩል አልተከፈተም። ከአውሮፓ ኅብረት ውጪ የመጡ ነዋሪዎች የከተማዋን ቤቶች መከራየት የቻሉት በ2006 ገደማ ነው። አዲስ መጤ ዛሬም ለማመልከት በከተማዋ ለሁለት ዓመት መኖር ይጠበቅበታል፤ እስከዚያው ኪራዩ ከፍ ባለውና ውሉ በጊዜ በተገደበው የግል ገበያ ውስጥ ይቆያል። ለምርጫ ዕድሜያቸው ከደረሰ ነዋሪዎች መካከል ሲሶ ያህሉ የኦስትሪያ ዜግነት ስለሌላቸው ይህን ፖሊሲ የሚወስነውን የከተማ ምክር ቤት አይመርጡም።