ልጅ ያለ ትምህርት ቤት ይማራል? የሚባለውና እውነታው

የካ አባዶ ኮንዶሚኒየም ውስጥ «ልጄን ትምህርት ቤት አልክም» ብትሉ መጀመሪያ የሚመጣው ጥያቄ «ምነው፣ ቸገራችሁ እንዴ?» የሚል ነው። አንስኩሊንግ የሚባለውን አካሄድ እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ ስም አውጥቶ ያስተዋወቀው አሜሪካዊው መምህር ጆን ሆልት ነበር። ልጁ የሚጠይቀውንና የሚነካካውን ተከትሎ በኑሮው ውስጥ ይማራል፤ ክፍለ ጊዜ የለም፣ ደረጃ የለም፣ ካርድ የለም። ቡና ላይ ስለዚህ ነገር የሚወራው ግን ብዙው ሌላ ነው።

«በኮሮና ጊዜ ሞክረነው የለ፤ አልሆነም»

በመጋቢት 2012 ትምህርት ቤቶች ሲዘጉ፣ ክፍሉ እንዳለ ሳሎን ገባ። መምህሩ በቴሌግራም ወርክሺት ይልካል፣ እናት የተሠራውን በስልኳ ፎቶ አንስታ ትመልሳለች፣ ልጁ ያለቅሳል። ያን ጊዜ የከሸፈው ትምህርት ቤትን በስልክ የማስኬድ ሙከራ ነው። ልጁ ራሱ የመረጠውን ነገር እንዲከተል ያኔ የፈቀደለት አልነበረም።

«ሂሳብ ያለ አስተማሪ አይገባም»

እናቷ ምድር ቤት ሱቅ ያላትን የስምንት ዓመት ልጅ አስቡ። ደንበኛ ሦስት እንቁላል በአሥራ ስምንት አሥራ ስምንት ብር ወስዶ መቶ ብር ሰጣት። «ሃያ ሃያ ቢሆን ስልሳ፣ ስድስት ሲቀነስ ሃምሳ አራት» ትልና አርባ ስድስት ብር ትመልሳለች። እርሳስ አልያዘችም፤ ወደ ቅርቡ አሥር አስጠግቶ ማስላትንም ያስጠናት የለም፣ መልስ ስትሰጥ ራሷ የደረሰችበት ነው።

ይህን ተመራማሪዎችም አይተውታል። በብራዚሏ ሬሲፌ ከተማ ገበያ ላይ በሚሸጡ አምስት ልጆች ላይ ተሠርቶ እ.ኤ.አ. በ1985 የታተመ ጥናት አለ። ልጆቹ ገበያው ውስጥ ከተጠየቁት ሂሳብ 98 በመቶውን በትክክል ሲመልሱ፣ ያንኑ ዓይነት ስሌት በቁጥር ብቻ ወረቀት ላይ ሲያገኙት ወደ 37 በመቶ ወረዱ። እኔ ከዚህ የምወስደው ሁለት ነገር ነው። ልጆቹ ሂሳብ ይችላሉ። ወረቀት ላይ ያለው ሂሳብ ግን በራሱ ጊዜ አይመጣም፤ የሱቋ ልጅ የራሷን ስሌት በምልክት እንድትጽፈው አጠገቧ የሚቀመጥ ሰው ያስፈልጋታል።

ንባቡም እንደዚያው ነው። 33ቱ ፊደላት በሰባት በሰባቱ 231 ይሆናሉ፤ ግድግዳ ላይ ተለጥፈው በዜማ ቢቆጠሩ ክፉ አይደለም። የሱቋን ልጅ ፊደል የሚያስለያት ግን የዱቤ ደብተሩ ነው። ዘይት የወሰደችው አልማዝ ትሁን አለምነሽ ካላነበበች ዕዳው የማን እንደሆነ አታውቅም።

«ልጅን ዝም ብሎ መልቀቅ ነው»

እንዲያውም ከወላጅ የሚፈልገው ጊዜ ይበዛል። «መብራት ሲጠፋ ውሃውም ለምን ይጠፋል?» ብሎ የሚጠይቅን ልጅ ይዞ ወደ ግቢው ሮቶና ፓምፕ መውረድ የግማሽ ቀን ሥራ ነው። ደግሞ ይህን ከልጅ ጉልበት ብዝበዛ ጋር የሚያምታታ አለ። ሊስትሮ የሚሠራ ልጅ የሚማረው ነገር አይጠፋም፤ ነገር ግን የዕለቱን ጉርስ ሳያገኝ ሣጥኑን ጥሎ አይሄድም። የሱቋ ልጅ ሲሰለቻት ባንኮኒውን ትታ ሰኞ ማክሰኞ ልትጫወት መውጣት ካልቻለች፣ እሷም ተቀጣሪ ናት፤ ሌላ ስም አንስጠው።

«ሰው አይለምድም»

ኮንዶሚኒየም ግቢ ውስጥ ሰው አለመልመድ ነው የሚከብደው። የስድስት ዓመቱ ከአሥራ አንድ ዓመቱ ጋር ብይ ይጫወታል፣ ይሸነፋል፣ ይጣላል፣ ይታረቃል። ችግሩ ሌላ ቦታ ነው፦ እስከ አሥር ሰዓት ግቢው ባዶ ነው፣ እኩዮቹ ሁሉ ክፍል ውስጥ ናቸው። ቢያንስ አንድ ሌላ ተመሳሳይ ቤተሰብ በአቅራቢያ ካልተገኘ ረፋዱ ለልጁ ይረዝማል።

«ዩኒቨርሲቲ አይገባም»

በውጭ አገር እንዲህ ያደጉ 75 ሰዎችን ፒተር ግሬይ እና ጂና ራይሊ የተባሉ ተመራማሪዎች ጠይቀው፣ 83 በመቶዎቹ ከፍተኛ ትምህርት በሆነ መልክ እንደቀጠሉ ጽፈዋል። መልስ የሰጡት ፈቃደኞች ብቻ ስለሆኑ ቁጥሩን በጥንቃቄ መያዝ ነው።

እኛ አገር ግን ይህ ስጋት ግማሹ እውነት ነው። በ6ኛ፣ በ8ኛና በ12ኛ ክፍል ፈተና አለ፤ ከአንዱ ትምህርት ቤት ወደ ሌላው ሲኬድ የሚጠየቀው መሸኛና ትራንስክሪፕት ነው። ስለዚህ ልጁን ከማስወጣት በፊት ወረዳው ትምህርት ጽሕፈት ቤት ሄዶ፣ ልጁ ነገ ልመለስ ቢል በምን ክፍል፣ በምን ምዘና እንደሚቀበሉት መጠየቅ፤ የተባለውንም በጽሑፍ መቀበል ይሻላል። ሁለቱም ወላጆች በጠዋቱ ሰርቪስ ወጥተው ማታ የሚገቡ ከሆነ ደግሞ ይህን ሁሉ ጣጣ አይጀምሩት፤ ልጁን ትምህርት ቤት ልከው፣ ቅዳሜ ሾላ ገበያ ሲሄዱ ይዘውት ይውጡ፣ ሂሳቡንም እሱ ይክፈል።