በጎጃም የጥንዶችና የቤተሰብ ምክር ባለሙያ ሥልጠና፦ አጠቃላይ ዳሰሳ

የጥንዶችና የቤተሰብ ቴራፒ የአንድን ሰው ጭንቀት ከቤቱ ነጥሎ የማያይ ሙያ ነው። ባለሙያው ባልን፣ ሚስትን፣ አንዳንዴም ልጆችንና አያቶችን አንድ ክፍል ውስጥ ያስቀምጣል። ማን ምን አለ የሚለውን ይሰማል። አንዱ ሲናገር ሌላው ምን እንደሚያደርግም ያያል። ጠቡ በየጊዜው የሚመላለስበትን መንገድ ይለይና ሰዎቹ ራሳቸው እንዲቀይሩት ያግዛቸዋል። በብዙ አገሮች ይህን ሥራ ለመሥራት ማስተርስ ይጠየቃል። ጎጃም ውስጥ ወደዚህ ሙያ የሚያስገባው ዋናው በር የባሕር ዳር ዩኒቨርሲቲ ነው። ሰው የሚገባው በካውንስሊንግ ሳይኮሎጂ ወይም በሶሻል ወርክ ማስተርስ በኩል ነው።

እዚህ ላይ ጎጃም ስንል የድሮውን ክፍለ ሀገር ማለታችን ነው፤ ምሥራቅና ምዕራብ ጎጃምን፣ አዊን፣ ባሕር ዳርንም ይጨምራል። ባሕር ዳር የክልል ዋና ከተማ በመሆኗ ከጎጃም ለይተው የሚያዩዋት አሉ። በታሪኳ ግን የጎጃም ከተማ ናት።

ከፔዳ የጀመረው መንገድ

የባሕር ዳር ዩኒቨርሲቲ የተወለደው ከሁለት እናቶች ነው። አንደኛዋ በ1955 ዓ.ም. በሶቭየት ኅብረት እርዳታ የተከፈተው የፖሊ ቴክኒክ ተቋም ናት። ሁለተኛዋ በ1960ዎቹ አጋማሽ በዩኔስኮ ድጋፍ የተቋቋመው የመምህራን ማሠልጠኛ አካዳሚ ናት። ሁለቱ በ1992 ዓ.ም. ተዋሕደው ዩኒቨርሲቲ ሆኑ። የከተማው ሰው ግን ዛሬም "ፖሊ" እና "ፔዳ" እያለ ነው የሚጠራቸው።

ለእኛ ጉዳይ የሚበልጠው ፔዳ ነው። መምህራንን የሚያሠለጥን ተቋም የልጅን አስተዳደግና ባሕርይ ሳያስተምር ሥራው አይሞላም። ሳይኮሎጂ እዚያ ግቢ ውስጥ ሥር የሰደደው በዚህ ምክንያት ነው። ምክር አገልግሎትም ትምህርት ቤትን ተደግፎ አደገ። ይህ ትልቅ ጸጋ ነው። ከዚያ የወጡ መምህራን ገጠር ድረስ ገብተው የተማሪውን ቤት አውቀዋል። ልጅቱ ለምን ከትምህርት ቀረች ብለው ሲጠይቁ መልሱ የሚገኘው ብዙ ጊዜ ቤት ውስጥ ነው፤ ወይ ልትዳር ነው፣ ወይ አባትና እናት ተለያይተዋል።

በዚያው ልክ አንድ ጎዶሎ ነገር አለ። ከትምህርት ቤት የተነሣ የምክር ትምህርት አንድን ተማሪ ወንበር ላይ አስቀምጦ ማነጋገርን ነው ቀድሞ የሚያስተምረው። የጋብቻና የቤተሰብ ምክር በካውንስሊንግ ፕሮግራሞች ውስጥ ከብዙ ኮርሶች መካከል አንዱ ሆኖ ነው የሚመጣው። በአንድ ኮርስ የሚገኘው እውቀት የተጣሉ ጥንዶችን ፊት ለፊት አስቀምጦ ለመምራት አያበቃም። ተጨማሪ ልምምድ ያስፈልገዋል።

የደብረ ማርቆስ ዩኒቨርሲቲ በ1997 ዓ.ም. ተመሥርቶ የሳይኮሎጂ ትምህርት ክፍል አለው። የእንጅባራ ዩኒቨርሲቲ ከሁሉም ታናሽ ነው።

ሶሻል ወርክ የመጣው በሌላ መንገድ ነው። በኢትዮጵያ የመጀመሪያው የሶሻል ወርክ ትምህርት ቤት እ.ኤ.አ. በ1959 አዲስ አበባ ላይ ተከፈተ። በደርግ ዘመን ተዘጋ። እ.ኤ.አ. በ2004 በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ በማስተርስ ደረጃ እንደገና ተጀመረ። ቀስ በቀስም ትምህርቱ ወደ ባሕር ዳርና ወደ ሌሎች ዩኒቨርሲቲዎች ደረሰ። የሶሻል ወርክ ተማሪ ከሳይኮሎጂ ተማሪው በአንድ ነገር ይቀድማል፤ ከመጀመሪያው ቤት ለቤት መሄድንና ከቀበሌ ጋር መሥራትን ይማራል።

ከሽማግሌ እስከ ፍርድ ቤት

ጎጃም ውስጥ የተጣሉ ባልና ሚስት ቀድመው የሚሄዱት ወደ ባለሙያ ቢሮ አይደለም። ነገሩ መጀመሪያ ለእናት ወይም ለአክስት ሹክ ይባላል። ቀጥሎ የንስሐ አባት ይሰማሉ። ከበረታ ሽማግሌ ይቀመጣል። ሽማግሌዎቹ የሁለቱንም ወገን ቃል ያዳምጣሉ፣ ጥፋተኛውን ይለያሉ፣ ይቅርታ ያስጠይቃሉ፣ ዋስ ያስጠራሉ። ዋስ የጠራ ባል ቃሉን ቢያፈርስ የሚያፍረው በሚስቱ ፊት ብቻ አይደለም። ይህ ሥርዓት ስንት ትዳር እንዳቆመ እዚህ አገር ያደገ ሁሉ ያውቃል። ማክበር ይገባናል።

የጋብቻው ዓይነትም ልዩነት ያመጣል። በቁርባን የተጋቡ ሰዎች በቀላሉ አይፋቱም፤ ቤተ ክርስቲያን ትዳራቸውን እንደማይፈርስ ኪዳን ነው የምታየው። በሰማንያ የተጋቡት ግን በውል የተጋቡ ናቸው፤ ካልተስማሙ ንብረት ተካፍለው ይለያያሉ። ፍቺም በአገራችን አዲስ ነገር አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1990 በተሰበሰበ አገር አቀፍ መረጃ ላይ የተሠራ ትንተና እንዳሳየው፣ ከመጀመሪያ ጋብቻዎች ወደ 45 በመቶ የሚጠጉት በ30 ዓመት ውስጥ በፍቺ ያበቃሉ። ጥናቱ በተለይ ያተኮረባቸው ሁለት ነገሮች በልጅነት መዳርና ልጅ አለመውለድ ናቸው። ሁለቱም የጎጃምን ገጠር ለሚያውቅ ሰው እንግዳ አይደሉም።

ሕጉም ሽማግሌን ለረጅም ዘመን ሲደገፍ ቆይቷል። የ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ የባልና ሚስትን ጠብና ፍቺ በመጀመሪያ የሚያየው የቤተ ዘመድ ዳኞች እንዲሆኑ አድርጎ ነበር። እነዚህ ዳኞች ብዙ ጊዜ ጋብቻው ሲፈጸም ምስክር የነበሩ ሰዎች ናቸው። በ1992 ዓ.ም. የወጣው የተሻሻለው የፌዴራል የቤተሰብ ሕግ፣ አዋጅ ቁጥር 213፣ ይህን ለወጠው። ፍቺ የመወሰን ሥልጣን የፍርድ ቤት ሆነ። የጋብቻ ዕድሜም ለሴቷም ለወንዱም 18 ሆነ። ያም ሆኖ ሽምግልና አልተጣለም። ፍርድ ቤቱ ባልና ሚስቱን ራሳቸው ወደ መረጧቸው ሽማግሌዎች መምራት ይችላል። ከ3 ወር የማይበልጥ የማሰቢያ ጊዜም ሊሰጣቸው ይችላል። የአማራ ክልል በበኩሉ በ1995 ዓ.ም. የራሱን የቤተሰብ ሕግ በአዋጅ ቁጥር 79 አወጣ።

ይህ የማሰቢያ ጊዜ ለሙያው ትልቅ ዕድል ነው። ሰዎቹ ገና አልተለያዩም፤ ነገር ግን ወደ መለያየቱ ተቃርበዋል። ሌላው ዓለም ላይ የጥንዶች ቴራፒስት የሚፈለገው በዚህ ሰዓት ነው። እዚህ ግን ወራቱ ብዙ ጊዜ በዝምታ ያልፋሉ። አንድ የሠለጠነ ባለሙያ በዚያ ጊዜ ውስጥ ከጥንዶቹ ጋር ስድስት ሰባት ጊዜ ቢቀመጥ ብዙ ነገር ሊለወጥ ይችላል። ባይታረቁ እንኳ ልጆቹን ሳይጎዱ መለያየትን ይማራሉ።

መሬትን መርሳትም አይቻልም። በክልሉ የመሬት ይዞታ ደብተር ላይ የባልና የሚስት ስም አብሮ ይጻፋል። ስለዚህ ፍቺ ማለት መሬት መካፈልም ነው። ጥማድ በሬውስ ለማን? ልጁ ከማን ጋር? አማቷ ትዳሩን የምትከላከለው ለፍቅሩ ነው ወይስ መሬቱ እንዳይቆራረጥ? ስሜትን ብቻ የሚጠይቅ ሠልጣኝ ግማሹን ጠብ ሳያየው ያልፋል።

ሥልጠናው ምን ይጠይቃል

ሙያው የዳበረው በአሜሪካ ነው። የጋብቻ አማካሪዎች ማኅበር እዚያ እ.ኤ.አ. በ1942 ተመሠረተ። እ.ኤ.አ. በ1950ዎቹ አንትሮፖሎጂስቱ እነ ግሪጎሪ ቤትሰን የቤተሰብን ንግግር ማጥናት ጀመሩ። የአእምሮ ሐኪሙ ሙሬይ ቦወን ጠብ ከትውልድ ወደ ትውልድ እንዴት እንደሚተላለፍ አሳየ። ሌላው የአእምሮ ሐኪም ሳልቫዶር ሚኑቺን ደግሞ የቤተሰብን አወቃቀር፣ ማን ከማን ጋር እንደቆመና ማን እንደተገፋ፣ ማየትን አስተማረ። ካሊፎርኒያ እ.ኤ.አ. በ1963 ለሙያው የሥራ ፈቃድ ሕግ አወጣች።

ተማሪ ከሚማራቸው መሣሪያዎች አንዱ ጂኖግራም ነው። ቢያንስ የሦስት ትውልድ የቤተሰብ ሥዕል ነው። ማን ማንን አገባ፣ ማን ተጣላ፣ ማን ተሰደደ፣ ማን ጠጪ ነበር፣ ሁሉም በምልክት ይሰፍራል። ጎጃም ውስጥ ይህን ማሠራት አይከብድም። ለጋብቻ ሰባት ቤት የሚቆጥር ሕዝብ የዘሩን መስመር በቃሉ ያውቃል። ሠልጣኙ የሚጨምረው አንድ ጥያቄ ብቻ ነው፦ በዚህ መስመር ላይ ምን ተላለፈ? አያቱ ከሚስቱ ጋር ሲኳረፍ ወራት ዝም ይል ከነበረ፣ የልጅ ልጁም ዛሬ ዝም የሚለው ለምን እንደሆነ መታየት ይጀምራል።

የሥልጠናው ልብ ግን ሱፐርቪዥን ነው፤ ልምድ ያለው ባለሙያ የተማሪውን ሥራ እየተከታተለ ያርማል። እዚህ ላይ ረዘም አድርጎ መናገር ያስፈልጋል። በአሜሪካ ለብዙ ዓመታት የነበረው መለኪያ ተማሪው ከመመረቁ በፊት 500 ሰዓት ከሰዎች ጋር እንዲሠራ ነበር። ግማሹ ከጥንዶችና ከቤተሰብ ጋር መሆን ነበረበት። በዚያ ላይ 100 ሰዓት ከሱፐርቫይዘር ጋር ይቀመጣል። ሱፐርቫይዘሩ ተማሪው የተረከውን ሰምቶ ብቻ አያርምም። በመስታወት ጀርባ ሆኖ ያያል፣ ወይም ቪዲዮ ይመለከታል። አንዳንዴ መሐል ላይ ስልክ ደውሎ "አባትየውን አሁን ጠይቀው" ይላል።

ይህ ለጎጃም ባዕድ አይደለም። በዋሸራ፣ በጎንጅና በዲማ ቅኔ ቤቶች ተማሪው ከአጭሩ የቅኔ ዓይነት ከጉባኤ ቃና ተነሥቶ ወደ ረጅሙ ወደ መወድስ የሚደርሰው እንዲሁ ነው። ቅኔውን ቆጥሮ ለየኔታ ይነግራል። የኔታ ያርሙታል። ነገ ሌላ ይዞ ይመጣል። የቃሉን ሕግ ብቻ በማወቅ ባለቅኔ የሆነ የለም። የቤተሰብ ምክርም በሌክቸር ብቻ አይገኝም።

የዛሬው ማነቆም ይኸው ነው። ማስተርስ በአብዛኛው ሁለት ዓመት ነው። የመጀመሪያው ዓመት በኮርስ ያልቃል። ሁለተኛው ዓመት ደግሞ ባብዛኛው በቴሲስ፣ በመመረቂያ ጥናቱ፣ ይያዛል። ቴሲስ መጠይቅ በትኖ ቁጥር መሰብሰብ ሲሆን፣ ተማሪው ጥንዶችን ሳያነጋግር ስለ ጥንዶች ጽፎ ይመረቃል። በኔ እምነት ከቴሲሱ ሸክም ጥቂቱን ቀንሶ ለፕራክቲከም፣ ለተግባር ልምምዱ፣ መስጠት ይሻላል። ቦታው አለ። የፈለገ ሕይወትና የጥበበ ግዮን ሆስፒታሎች ባሕር ዳር ውስጥ ናቸው። የደብረ ማርቆስ ሆስፒታል አለ። ፍርድ ቤቶችና የሴቶችና ሕፃናት ጽሕፈት ቤቶች በየወረዳው አሉ። ተማሪ ወደ እነዚህ ቦታዎች የሚሄደው ሱፐርቫይዘር አብሮት ሲሄድ ብቻ ነው መሆን ያለበት። ያለ እርማት የሚሠራ ልምምድ ስሕተትን ያጸናል።

ሽምግልና ቴራፒ ነው?

በዚህ ላይ ሰዎች አይስማሙም። አንዳንዶች ሽማግሌዎቻችን ድሮም ቴራፒስቶች ናቸው ይላሉ። ሌሎች ሽምግልና ፍርድ ነው፣ ቴራፒ ደግሞ አይፈርድም ብለው ይለያሉ። ሁለቱም የራሳቸው እውነት አላቸው። ሽማግሌ ሰምቶ ያስታርቃል፤ ሰላሙን የሚጠብቅ ማኅበረሰብም ከኋላው አለ። ባለሙያው ይህ ጉልበት የለውም። ባለሙያው በበኩሉ ምስጢር ይጠብቃል፣ ለማንም ወገን አያዳላም፣ ጥፋተኛ አይፈልግም።

በአንድ ነጥብ ላይ ግን መለሳለስ አያስፈልግም። ዱላ ባለበት ቤት "ታረቂ፣ ልጆችሽን አስቢ" ማለት አደጋ ነው። የ1996ቱ የወንጀል ሕግ በአንቀጽ 564 በትዳር ጓደኛ ላይ የሚፈጸም ጥቃትን በግልጽ ያስቀጣል። የሠለጠነ ባለሙያ ጥንዶችን አብሮ ከማስቀመጡ በፊት እያንዳንዳቸውን ለብቻ ያነጋግራል። አንደኛው ወገን የሚፈራ ከሆነ አብሮ ማነጋገሩ ይቆማል። ሴትየዋ በክፍሉ ውስጥ የተናገረችው ማታ ቤት ውስጥ ሊያስመታት ይችላልና። ይህን መለየት ሽማግሌ ሁሉ የሚያውቀው አይደለም። ተማሪም ካልተማረው አያውቀውም።

ሁለቱን ማገናኘት ይቻላል። በአሜሪካ ፊላደልፊያ ከተማ እነ ሚኑቺን እ.ኤ.አ. በ1960ዎቹ መጨረሻ ዲግሪ የሌላቸውን የሰፈር ሰዎች የቤተሰብ አማካሪ አድርገው አሠልጥነው ነበር። ዋናው መንገዳቸውም ያው ቀጥታ ሱፐርቪዥን ነው። ሠልጣኞቹ ሰፈሩን ከአሠልጣኞቻቸው በላይ ያውቁ ነበር። ጎጃም ውስጥ የተከበሩ ሽማግሌዎችን፣ የሴት ሽማግሌዎችን ጨምሮ፣ ከማስተርስ ተማሪዎች ጋር በአንድ ክፍል ማስቀመጥ የሚያስቸግር ነገር አይመስልም። ተማሪው አክብሮትንና ቋንቋን ይማራል። ሽማግሌው ደግሞ ጥቃትን መለየትን ይማራል።

መግባትና መሥራት

ማስተርስ ለመግባት የመጀመሪያ ዲግሪና ብሔራዊ የድኅረ ምረቃ መግቢያ ፈተና ያስፈልጋል። ብዙ ጊዜ የሚመጡት መምህራን፣ ነርሶችና የመንግሥት ሠራተኞች ናቸው። የቅዳሜና እሑድ መርሐ ግብርን የሚመርጡ ብዙ ናቸው፤ ሥራ መተው አይችሉምና።

ከ2015 ዓ.ም. መጨረሻ ጀምሮ በክልሉ የተከሰተው ግጭት ትምህርቱን ክፉኛ ጎድቶታል። መንገድ ተዘግቷል። የሞባይል ኢንተርኔት ለወራት ተቋርጦ ነበር። ግጭቱ ደግሞ ሙያውን ከምንጊዜውም በላይ አስፈላጊ አድርጎታል። የተፈናቀለ፣ ሐዘን ላይ ያለ፣ አባት የጠፋበት ቤተሰብ ብዙ ነው። ወደ አረብ አገር የሄደች እናት ስትመለስ ልጆቿ አያውቋትም።

ተመራቂዎች የሚሠሩት በሆስፒታል፣ በትምህርት ቤት፣ በዩኒቨርሲቲ የምክር ማዕከላትና በረድኤት ድርጅቶች ነው። የግል ቢሮ የሚከፍቱት ጥቂቶች ሲሆኑ እነሱም ትልልቅ ከተሞች ውስጥ ናቸው። በወረዳ ከተማ ምክር በገንዘብ መግዛት ገና አልተለመደም። ሰው ለሽማግሌ ጠላ ያቀርባል እንጂ ብር አይከፍልም። ስለዚህ ለሚቀጥሉት ዓመታት የዚህ ሙያ ደመወዝ የሚመጣው ከመንግሥት በጀት ነው። ፍርድ ቤቶች የቤተሰብ አማካሪ የሚባል መደብ ቢከፍቱ ከባሕር ዳር የሚወጡት ተማሪዎች የሚገቡበት ሥራ ይኖራቸዋል።