ሜታኮግኒሽን ምንድን ነው?

በአጭሩ፣ የራስን አስተሳሰብ መከታተል ነው። እያነበባችሁ «ይሄ እየገባኝ ነው ወይስ ዓይኔ ብቻ ነው የሚሄደው?» ካላችሁ፣ ጀምራችሁታል። ቃሉን በ1970ዎቹ (እ.ኤ.አ.) ያስተዋወቀው አሜሪካዊው የሥነ ልቦና ምሁር ጆን ፍላቬል ነው። ሥራው ሦስት ነው ይላሉ፦ ማቀድ፣ መከታተል፣ መገምገም። ለእኔ ትልቁ ጣጣ ያለው መከታተሉ ላይ ነው።

በፈተና ሰሞን ባሕር ዳር ዩኒቨርሲቲ፣ ፔዳ ግቢ ብቅ በሉ። ሃንድአውቱ ከላይ እስከ ታች ቢጫ ተቀብቷል። ባለቤቱ ሦስቴ «ጨርሶታል»። ደጋግመን ያየነው ነገር ዓይናችን ስለለመደው ብቻ የምናውቀው ይመስለናል።

ስለ ጣና እምቦጭ አንድ ገጽ አነበባችሁ እንበል። ማዳበሪያና ፍሳሽ ናይትሮጅንና ፎስፈረስ ይዘው ሐይቁ ይገባሉ፣ አረሙ ይፋፋል፣ የውሃውን ገጽ ይሸፍናል፣ ኦክስጅን ያንሳል፣ ዓሣው ይጎዳል። ቀላል ነው አይደል? እስቲ ገጹን ዝጉና ቆየት ብላችሁ ባዶ ወረቀት ላይ ጻፉት። ብዙዎቻችን «ማዳበሪያ... ዓሣ...» ብለን መሐሉ ላይ ቀጥ እንላለን። አረሙ ውሃውን ስለሸፈነ ኦክስጅን ለምን ያንሳል? ብርሃን ስለማይገባ ከሥር ያሉት ዕፅዋት ኦክስጅን መሥራት ያቅታቸዋል። የጎደለችው ይቺ ናት። እንግዲህ ሙሉውን ገጽ ሳይሆን እሷን ነው መልሶ ማንበብ።

ሮዲገርና ካርፒክ የተባሉ ተመራማሪዎች በ2006 (እ.ኤ.አ.) ይህንን በተማሪዎች ላይ ፈትሸውታል። አንድን ጽሑፍ አራት ዙር ያጠኑት ከሳምንት በኋላ ያስታወሱት 40 በመቶ ገደማውን ነው። አንድ ዙር አጥንተው ሦስት ዙር ያለ ጽሑፉ ለማስታወስ የሞከሩት ግን 61 በመቶ። የሚገርመው፣ «አልረሳውም» ብለው ይበልጥ የተማመኑት ደጋግመው ያጠኑት ነበሩ!

የጎጃም ቅኔ ቤቶች ይህን ከጥንት ያውቁታል። ተማሪው ራቅ ብሎ ቅኔውን ይቆጥራል (በልቡ ያዘጋጃል)፣ መምህሩ ፊት ይነግራል፣ እዚያው ይታረማል። «ገብቶኛል» ብሎ ማለፍ የለም።

ራሳችሁን ስትፈትኑ ታዲያ ገጹን እንደዘጋችሁ አይሁን። ትኩስ ስለሆነ ሁሉም ይመጣላችኋል፣ ያታልላችኋል። ሐይቁ ዳር ወክ በሉ፣ ሻይ ጠጡ፣ ከዚያ ሞክሩት። ዶርም ውስጥ ለጓደኛ ማስረዳትም ይሠራል፣ «ቆይ፣ ለምን?» የሚል ጓደኛ ከሆነ። ዝም ብሎ ራሱን የሚነቀንቀውን ግን ለቡና ጥሩት።