የጓደኛችን ትዳር ሲታወክ እግራችን እስከ የት ይድረስ?

በክርስቶስ የተወደዳችሁ ወንድሞችና እህቶች፤

ከምሽቱ አራት ሰዓት ላይ ስልክ ይጮኻል። ጓደኛችን ናት፤ እያለቀሰች ነው። ባሏ ካኮረፈ ሦስት ቀኑ፣ ደመወዙን የት እንዳደረሰው አይናገርም፣ ዛሬ ደግሞ በልጆቿ ፊት ሰድቧታል። ገና ሳትጨርስ አንዳችን «እኔ ድሮም አልወደድኩትም፤ ተይው!» እንላለን። ሌላችን «ለልጆችሽ ስትዪ ቻይው» እንላለን። ሁለቱም የአንድን ወገን ቃል ብቻ ሰምቶ የተሰጠ ፍርድ ነው። ምሳሌ 18፥17 አስቀድሞ የተናገረ ሰው ባልንጀራው መጥቶ እስኪመረምረው ድረስ ጻድቅ እንደሚመስል ያስተምረናል።

ባልና ሚስት ከአንድ ባሕር ይቀዳል፤ ሲነጋ ሊታረቁ ይችላሉ። «ድሮም አልወደድኩትም» ያልነው ግን ተመልሶ አይዋጥም። በሰላሙ ቀን ለባሏ ትነግረውና ከዚያ ቤት እንቀራለን። ወይም እሷው እኛን ታፍረንና ሁለተኛ ሲቸግራት አትደውልም። ይሄኛው ይብሳል፤ በእውነት ሰው በሚያስፈልጋት ቀን ብቻዋን ትሆናለችና።

ታዲያ ስልኩን እንዴት እናንሳው? አስቀድሞ ዝም ብሎ መስማት ነው። የኢዮብ ወዳጆች ሰባት ቀንና ሰባት ሌሊት አንድ ቃል ሳይናገሩ አብረውት ተቀምጠዋል፤ እግዚአብሔር የተቆጣቸው በኋላ በተናገሩት ነው። እንባዋ በረድ ሲል «መትቶሻል? ቤት ውስጥ መሆን ያስፈራሻል?» ብለን በግልጽ እንጠይቃት። አይደለም ካለች «ይህንን ለእሱ ነግረሽዋል?» እንበላት። ብዙ ጊዜ አልነገረችውም፤ ለሦስት ጓደኞቿ ግን ነግራለች። ጌታ በማቴዎስ 18፥15 የበደለህን ወንድም «ብቻችሁን ሆናችሁ» ውቀሰው ብሎ የጀመረው ያለ ምክንያት አይደለም። ነገር በሦስተኛ ሰው በኩል ሲደርስ ባልየው የሚሰማው «ገመናችንን አወጣችው» የሚለውን ነው፤ ስለ ደመወዙ የተባለውም በዚያው ተድበስብሶ ይቀራል።

«ንገሪልኝ» ብትለን እንቢ እንበል። ቃሏን ስናደርስ ሳናስበው እንጨምርበታለን ወይም እንቀንስበታለን። ከባሏ ደብቀን ገንዘብ አናበድር። ተቆጥታ ወጥታ እኛ ዘንድ ካደረች፣ የምትፈራው ነገር ከሌለ፣ ደኅና መሆኗን ራሷ ለባሏ ትንገረው።

መምታት፣ በቢላ ማስፈራራት፣ አንገት ማነቅ ካለ ግን ከዚህ በላይ ያልነው ሁሉ ይቆማል። አንድ ጊዜ አንገቷን ያነቃት ሰው ሌላ ቀን ሊገድላት ይችላል። እዚህ ላይ «የሰው ትዳር ውስጥ አልገባም» ማለት ኃጢአት ነው። የት እንዳለች ለእሱ ሳንናገር ወደሚያስጠልላት ቤት እናድርሳት፤ ሐኪም ይያት፣ ጉዳቷ በጽሑፍ ይመዝገብ፣ ፖሊስ ይወቀው። ሽማግሌ ልከን ወደዚያው ቤት አንመልሳት።

ሁለተኛው ሳሙኤል ምዕራፍ 13 ስለ ኢዮናዳብ ይነግረናል። የንጉሥ ዳዊት ልጅ የአምኖን ወዳጅ፣ ብልህ ሰው ነበር፤ ወዳጁ በየዕለቱ ሲከሳ ያስተዋለውም እሱ ነው። ግን ወዳጁ መስማት የፈለገውን፣ የታመመ መስሎ የተመኛትን እኅቱን ትዕማርን ወደ ቤቱ እንዲያስጠራት መከረው። ትዕማር ተዋረደች፣ ከሁለት ዓመት በኋላ አምኖን ተገደለ። ኢዮናዳብ ግን ምንም ሳይነካው በዳዊት ፊት ቆሞ የሞተው አምኖን ብቻ እንደሆነ ያስረዳል። መካሪ የምክሩን ዕዳ አይከፍልም።

ባል እዚህ፣ ሚስት ቤይሩት ወይም ሪያድ ሲሆኑ ደግሞ የጓደኛ ምላስ ከሁሉ ይከፋል። «ባልሽን ከአንዲት ሴት ጋር አየሁት» የሚል የ20 ሰከንድ ድምፅ በኢሞ ይላካል። ያቺ ሴት የአጎቱ ልጅ ትሁን፣ የሥራ ባልደረባው፣ ላኪዋ አታውቅም። እዚያ ያለችው ግን እንቅልፍ ታጣለች፣ የምትልከውንም ገንዘብ ታቆማለች። ያየነው የሚያሳስበን ከሆነ መጀመሪያ እሱን ራሱን እንጠይቀው።

ሁለቱ ተነጋግረው ካቃታቸው የንስሐ አባታቸው ይስሙ። ከዚያም ሽማግሌ፤ ሦስት ቢሆኑ መልካም ነው፣ ግን ሁለቱም የተስማሙባቸው ይሁኑ። አንዱን አስቀድሞ የወቀሰ ወይም ገንዘብ ያበደረ አይግባበት። መጀመሪያ ለየብቻ፣ ቀጥሎ አንድ ላይ ይስሟቸው። ብዙ እርቅ የሚፈርሰው «ተከባበሩ» ተብሎ ስለሚያበቃ ነው። «ደመወዝ በገባ ማግሥት ሁለታችሁ ቁጭ ብላችሁ ትመድቡታላችሁ፣ ከሁለት ሳምንት በኋላ እንገናኛለን» የሚባል ነገር ይያዝ። የፍቺ ጥያቄ ቀርቦለት እንኳ በተሻሻለው የቤተሰብ ሕግ (አዋጅ 213/1992) ፍርድ ቤት እስከ ሦስት ወር የማሰቢያ ጊዜ ሊሰጥ ይችላል፤ እኛ ግን በአንድ ማታ ስልክ እናፋታለን።

ሲታረቁ ደግሞ በቡና ላይ «አሁንስ እንዴት ሆናችሁ?» ብለን በሰው ፊት አንጠይቅ። ከድብደባ ማስረጃ በቀር በንዴት የላከችልንን ድምፅና ጽሑፍ በዚያው ቀን ከስልካችን እናጥፋ፤ ባልየውንም ቅዳሴ ላይ ስናገኘው እንደ ወትሮው ሰላም እንበለው።